የገጽ ሃያ አንድ ጉድለት

እሑድ በማለዳ፣ ሊዬዥ ከተማ ላይ፣
ጭጋጉ ሳይነሳ ከሜዝ ወንዝ በላይ፣
ዶሮ ሻጭ በግራ፣ አይብ ሻጭ በቀኝ፣
እኔ መሐል አለሁ፤ ወረቀት ነው ያለኝ።

የድሮ ኮሚክስ ነው፤ የልጆች መጽሔት፣
ሰዉ የሚያወራበት በነጭ ደመና ቤት።
ሥራዬን ለጠየቀ፦ ዋጋ ቆራጭ ነኝ።
ጥጉን እዳስሳለሁ፣ የታጠፈ እንዳያመልጠኝ፣
ሽቦውን አያለሁ፣ ዝገት እንደ ጀመረው፣
አሸታለሁ ደግሞ፤ ምድር ቤት የከረመው
ወረቀት ያስለዋል፣ ሳንባ እንደታመመ ሰው።

የሙያዬ ሕግ ግን አንዲት ናት፣ ጨካኝ፦
«ያልተነበበ አምጣ፣ ያልተወደደ አግኝ።»
ልጅ በሆዱ ተኝቶ፣ ጣቱን እየላሰ
የገለጠው ሁሉ ዋጋው ተቀነሰ።
የናሙሩ የጥርስ ሐኪም፣ ላምቢዮት፣ ጓንቱን ሳያወልቅ
ከእጄ ይቀበላል፣ እንደ አራስ ልጅ በጥንቅቅ።
«ሦስት ሺህ ቅጂ አለኝ» ይላል፤ «አንዱንም አላነበብኩ።»
«ጎበዝ» እለዋለሁ። በእሱ አይደል እንጀራ የበላሁ።

ማዳም ዙልማ መጣች፣ ጋሪዋን እየሳበች፣
የብስኩት ቆርቆሮ ከፊቴ አስቀመጠች።
«የወንድሜ ናቸው። የሞተው በጥቅምት።
ቤቱን ልናስረክብ ነው። በል ዋጋ ቁረጥበት።»

ክዳኑን ስከፍተው ልቤ ተንደረደረ፤
«የጨረቃው ፖስተኛ» ቁጥር አንድ ነበረ!
ቀዩ እንደ ትናንት ቀይ፣ ሰማያዊው ያልገረጣ፣
ፖስተኛው በብስክሌት ከጭስ ማውጫ ሲወጣ።
ነጋዴ ነኝና ፊቴን ዘጋሁ እንደ በር፣
ገጾቹን ቆጠርኩኝ በዝግታ፣ በምስጢር፤
አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ... ሃያ አንድ ላይ ስደርስ፣
የታች ጥጉ የለም፤ በልቶታል የልጅ መቀስ።
በቀዳዳው ሾልኮ፣ ከወዲያኛው ቅጠል፣
የሌባው አንድ ዓይን ፊቴን ይመረምራል።

«ኩፖኑ ነው» አልኳት። «ሞልቶ ለሚልክ ሰው
የፖስተኛው ፊሽካ በነጻ ነው የሚደርሰው።»
«ስንት ያወጣል እንዲህ?» «አርባ ዩሮ።» «ባይቆረጥስ?»
«ዘጠኝ መቶ።» ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪፈስ።
«ስምንት መቶ ስልሳ ዩሮ የበላ መቀስ!»

ከቆርቆሮው ግርጌ፣ ከብስኩቱ ፍርፋሪ ጋር፣
ታሽጎ ያልተላከ ቢጫ ኤንቨሎፕ ነበር።
የላኪ ስም በእርሳስ፦ ኦክታቭ፣ ዕድሜ አሥር።
የቴምብሩ ቦታ ባዶ፣ ጥርስ እንደወለቀ ድድ።
ነጋዴው ግን አያፍርም፦ «በጥሩ ሙጫ ቢገጥም
ስልሳ ዩሮ ይገባል...»

አልሰማችኝም።

«ለቴምብር የሰጠኝን ሁለት ፍራንክ» አለች፣
«ከረሜላ በላሁበት።» እጇን አየች።
«ላክሁልህ አልኩት። ከቁም ሣጥን ኋላ ደበቅሁት።
ክረምቱን ሙሉ መስኮት ላይ ፖስተኛ ሲጠብቅ አየሁት።
መቼ እንዳገኘው እንጃ። ከዚህ ቆርቆሮ አኖረው።
ስንት ገና አብረን በላን፤ አንድም ቀን አላነሳው።»

ዋጋ ቆራጭ ነኝ እኔ። ለዚህ ግን ምላሴ
አልቆርጥ አለኝ፣ ዶለዶመ። አርባውን ቆጠርኩ ከኪሴ።

ኤንቨሎፑን ግን አልሸጠችም።
«ነገ፣ ሰኞ፣ ፖስታ ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ ነኝ።»
«ማዳም፣ ድርጅቱ እኮ ከተዘጋ አርባ ዓመቱ ነው።»
«አውቃለሁ» አለች። «የኔ ዕዳ የቴምብር ነው እንጂ
የመድረስ አይደለም።»
ጋሪዋን እየሳበች በዶሮዎቹ መሐል ሄደች።

በሳምንቱ ከጌንት የመጣ አንድ ጎረምሳ ገዛው፣
ሃምሳ አምስት ዩሮ ከፍሎ። ላስቲኩ ላይ የጻፍኩትን
ሁለት ጊዜ አነበበው፦
«ቁጥር አንድ። ሽፋኑ ንጹሕ። ሽቦው ትንሽ የዛገ።
ጉድለት፦ ገጽ ሃያ አንድ፤ የታች ጥጉ በመቀስ የተወገደ።
ቁራጩ አልጠፋም። በፖስታ ሄደ።»